በየጠዋቱ ሩብ ዙር

የፋብሪካው ሠራተኞች «እትዬ ጥብቅ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት የማሸጊያ ክፍሉ አለቃ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በርም ይሁን፣ የቧንቧ ክዳንም ይሁን፣ የሰው የጫማ ማሰሪያም ይሁን፣ «ጥብቅ ነው?» ብላ ሳትጠይቅ አልፋ አታውቅም። ስሙን መጀመሪያ የሰማች ዕለት ተቆጣች። በኋላ ግን ስልክ ስታነሳ ራሷ «ጥብቅ ነኝ» ማለት ጀመረች።

ሥራዋ ተርሚናል መንደፍ ነው። ተርሚናል ማለት የኤሌክትሪክ ሽቦ ጫፉ ገብቶ በብሎን የሚታሰርበት ያቺ የነሐስ ቁራጭ ናት። ሶኬት ውስጥ፣ ማብሪያ ማጥፊያ ውስጥ፣ ቆጣሪ ሥር ተሸሽጋ ትኖራለች፤ የሚያያትም የሚያመሰግናትም የለም። ሰው መብራት ሲበራ አምፖሉን ያያል፣ ሲጠፋ መንግሥትን ይረግማል። በመካከል ስላለችው ብሎን አስቦ የሚያውቅ ካለ፣ ወይ ኤሌክትሪሻን ነው፣ ወይ ቤቱ የተቃጠለበት ነው።

ጠረጴዛዋ ብረት ከሚቀረጽበት ከቶርኖ ክፍሉ ጥግ ነው። ላዩ ላይ ማጉያ መነጽር፣ መለኪያ፣ ሦስት ካቻቢቴና የተጨማደደ ወረቀት ክምር አለ፤ ከጎኑ ካለው የብረት አግዳሚ ላይ ደግሞ የአሸዋ ከረጢቶች ተንጠልጥለዋል። አዲስ ተርሚናል ስትነድፍ ሽቦ ታስርበትና በሽቦው ላይ አሸዋ ታንጠለጥላለች። ቀጥላ አንድ ሰዓት በኤሌክትሪክ ታግለዋለች፣ አንድ ሰዓት ታቀዘቅዘዋለች፣ እንደገና ታግለዋለች። በሳምንቱ ካቻቢቴዋን ብሎኑ ላይ ታሳርፍና ዓይኗን ጨፍና ትሞክረዋለች። ብሎኑ የፀጉር ያህል ከተነቃነቀ ሥራው ሁሉ ወደ ቶርኖ ይመለሳል። የቶርኖ ባለሙያዎቹ ይህን አይወዱላትም። በተለይ ብሎኑ ሽቦውን እንዳያቆስለው ከሥሩ ቀጭን የብረት ምላስ ይግባ ያለች ዕለት፣ አንዱ ጠና ያለ ሰውዬ «ዛሬ ምላስ አልሽ፣ ነገ ጥርስ ትያለሽ፤ ከዚያ ተናግሮ ያርፈዋል» ብሏታል። ምላሱ ግን ገባ። ከገባ ወዲህ የእሷ ተርሚናል ላላ የሚል ስሞታ አልመጣም። ይህን ስትናገር ደረቷን ትነፋለች፤ ብትነፋም አይፈረድባትም።

ሙያውን ያገኘችው ከአባቷ ነው። አባቷን አካባቢው ሁሉ «ጋሽ ቮልት» ይለዋል። አርባ ዓመት የሰው ቤት መብራት ሲያስገባ ኖሯል። ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች አስተምሯል፤ የመጨረሻው ተማሪው የገዛ ልጁ፣ የእትዬ ጥብቅ ታናሽ ወንድም ነው። ጋሽ ቮልት ጥሩ መምህር ነበር፣ ክፉ አፍ ያለው ጥሩ መምህር። ሽቦ ሲልጥ የጎዳ ተማሪ ካየ «ይሄን እጅ እናትህ ስንት ዓመት አጥባ ነው ያሳደገችው?» ይላል። ተማሪው ከሳቀ ደግሞ ሙሉ ቀን ያንኑ ሽቦ ያስልጠዋል።

የእሱ መታወቂያ ጫፍ ነው። ብዙ ክር ያለውን ሽቦ ልጦ፣ ክሮቹን አጥብቆ ገምዶ፣ ከዚያ ሊድ ያጠጣዋል። ሊድ የሚባለው ለብየዳ የሚቀልጠው ለስላሳ ብረት ነው። ሊድ የጠጣ ጫፍ አንድም ክር አይፈነገጥም፤ ጠንክሮ፣ ሾሎ፣ እንደ መርፌ ያበራል። «ሰውን በጫማው፣ ሽቦን በጫፉ» ይላል ጋሽ ቮልት። የእሱ ተማሪ የሠራውን ሳጥን ከፍተህ ታውቀዋለህ፤ ጫፎቹ ሁሉ ያብረቀርቃሉ።

በእሱ ዘመን ልክ ነበር። ያኔ ሽቦና ሽቦ ተጠማዝዞ ነው የሚበየደው፤ አንድ ቤት ሁለት አምፖልና አንድ ሬዲዮ ካለው ሀብታም ነው። በኋላ ብሎን መጣ፣ ካውያ መጣ፣ ምድጃ መጣ። ጋሽ ቮልት ብሎኑን ተቀበለ፤ ሊዱን ግን አልተወም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሊድ ለስላሳ ነው፤ ብሎን ሲጫነው ቀን በቀን ቀስ እያለ ይሸሻል። ብሎኑ ሳይዞር፣ ማንም ሳይነካው፣ ከሥሩ ያለው ነገር ጥሎት ይሄዳል። የላላ ደግሞ ይግላል፣ የጋለ ሊድ ይበልጥ ይለሰልሳል፣ መጨረሻውን ማንም ያውቀዋል።

እሷ ይህን ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሳለች ነው የተማረችው። ያን ቀን እየሮጠች መጥታ ለአባቷ ነገረችው። ጋሽ ቮልት መበየጃውን እንኳ ሳያስቀምጥ «እኔ የሠራሁት ቤት ተቃጥሏል? አንድ ጥሪልኝ» አላት። የምትጠራው አልነበራትም። እናቷ በሕይወት ነበረችና «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ተይው» ብላ ሳቀች። ተወችው። ከዓመታት በኋላ የራሷን ተርሚናል ስትነድፍ፣ በየካርቶኑ የሚገባውን የአጠቃቀም ወረቀት የጻፈችው እሷ ናት፤ ሰባተኛው መስመር «የሽቦውን ጫፍ ሊድ አታጠጡ» ይላል። ለማታውቀው ሰው ሁሉ በወረቀት ተናገረች። ለቤቷ ግን በአፏ ደግማ አልተናገረችም፤ እራት ላይ ጭቅጭቅ ፈራች። ወንድሟም ያንን ወረቀት አንብቦት አያውቅም፤ የገዛ እህቱ የሠራችውን ዕቃ አጠቃቀም ከወረቀት የሚማር ማን አለ? ብሎን ይጠቀልልበት ነበር።

እሳቱ የተነሳው በቀትር፣ አንድ የልብስ ስፌት ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሥራ አራት የስፌት መኪናና አራት ካውያ ነበረው። ሌሎቹ በደረጃው ወጡ። የቁልፍ ቀዳዳ የምትሰፋው ሴትዮ ከውስጠኛው ክፍል አልወጣችም። ሁለት ሴት ልጆች ነበሯት።

በሦስተኛው ቀን የእሳት አደጋ መርማሪው የጠቆረውን የሽቦ ሳጥን በፌስታል ይዞ ፋብሪካው መጣ። ቀዝቀዝ ያለ፣ ትሑት ሰው ነበር። እትዬ ጥብቅ ሳጥኑን በማጉያዋ ሥር ከፈተችው። ፕላስቲኩ ቀልጧል፤ ነሐሱና ብሎኑ ቦታቸው ላይ ናቸው። ወደ ካውያዎቹ በሚሄደው መስመር ላይ ግን ከምላሱ ሥር ሊዱ ተጨፍልቆ፣ ወደ ጎን ፈስሶ፣ እንደ ሻማ ጠብታ ደርቋል። እሳቱ ያልደረሰባቸው ጫፎች አሁንም ያብረቀርቃሉ። የአባቷ ተማሪ ሥራ ነው፤ የትኛው እንደሆነም መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ የዚያን ስፌት ቤት መብራት ያስገባው ወንድሟ ነበር።

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፦ ቤቱን የሠራው ሰነፍ ኤሌክትሪሻን ቢሆን ኖሮ፣ ሽቦውን በጥርሱ ልጦ እንዲያው ከነክሩ ሰክቶ ብሎኑን አጥብቆ ቢሄድ ኖሮ፣ ያቺ ሴትዮ ዛሬ ልጆቿን ትቆጣ ነበር። የገደላት ትጋት ነው።

«ተርሚናሉ ነው ጥፋቱ?» አለ መርማሪው።

አዎ ማለት ትችል ነበር። ፋብሪካው ይከሰሳል፣ እሷ ትባረራለች፣ ወንድሟ ነፃ ይወጣል። አስባዋለች፤ አላሰብኩም አትልም። ግን አዎ ካለች ነሐሱ ይቀየራል እንጂ ሊዱ አይቀየርም። የአባቷ ሠላሳ ተማሪዎች ነገም ከነገ ወዲያም ጫፍ ማጠጣታቸውን ይቀጥላሉ።

«አይደለም» አለች። «ጫፉ ሊድ ጠጥቷል።»

«ማን እንደሠራው ያውቃሉ?»

«ወንድሜ ነው።»

መርማሪው መጻፉን አቆመ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ቀጠለ።

ወንድሟ ከመያዙ በፊት በነበረው ቀን ፋብሪካው ውስጥ ጠረጴዛዋ ድረስ መጣ። በአሸዋ ከረጢቶቹ መሀል ቆሞ፣ ትልቅ ሰውነቱን የት እንደሚያኖረው ጠፍቶት፣ አንዱን ከረጢት እያወዛወዘ ነበር።

«እቴ፣ አባባ እንዳይሰማ» አለ።

«ምኑን?»

«ሊዱ መሆኑን። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አርባ ዓመት የሠራው ሁሉ፣ ያስተማረው ሁሉ ሰው ይገድላል ብለሽ ልትነግሪው ነው? አንድ ሳምንት አያድርም።»

«ፍርድ ቤት ሲጠይቁህስ? ጠበቃው ነግሮሃል። እንዲህ ነው የተማርኩት ብትል ይቀልልሃል። ስድስት ወር፣ ቢበዛ።»

«ማንም አላስተማረኝም፣ ከራሴ አምጥቼ ነው እላለሁ።»

«አብደሃል?»

«ሴትዮዋ ሞታለች፣ እቴ። እኔ እዚህም ሆኜ እዚያም ሆኜ እንቅልፍ የለኝም። እሱ ግን ይተኛ። ማይልኝ።»

ማለችለት። ከነገሩ ሁሉ እስከ ዛሬ የምትቆጨው በዚህ ነው፤ ብትከለክለው ኖሮ ትላለች። ግን ያንን ፊት አይቶ የሚከለክል ሰው እኔ አላውቅም።

ፍርድ ቤት ምስክር ሆና ቆመች። ዳኛው «ጫፍን ሊድ ማጠጣት በነባር ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደ አሠራር ነው?» ብለው ጠየቋት። ወንድሟ ከወዲያ ማዶ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም። «እኔ አላውቅም» አለች። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሽቦ ዋሸች። ዳኛው ከሙያው ውጪ በገዛ ድፍረቱ ባደረገው ነገር የሰው ሕይወት ጠፍቷል ብለው ሁለት ዓመት ተኩል ፈረዱበት።

ጋሽ ቮልት ጉልበቱ ስለማያስኬደው ችሎት አልመጣም፤ ቀኑንም አሳስተው ነበር የነገሩት። ልጁ በስልክ «ተርሚናሉ ላልቶ ነው፣ አባባ» አለው፤ ሌላ የሚለው አጥቶ ነው። ስልኩ ሲዘጋ ሽማግሌው ወደ ሴት ልጁ ዞረ።

«ያንቺ ብሎን ነው ልጄን ያሳሰረው።»

እትዬ ጥብቅ መሐላዋ ትዝ አላት። ሆድ ይፍጀው አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አላነጋገራትም። አንድ ቤት እየኖሩ፣ ከአንድ ድስት እየበሉ፣ ሲናገር ከግድግዳው ጋር ነው። «እዚህ ቤት ጨው ተወዷል መሰለኝ» ይላል ለግድግዳው። እሷ ጨው ታቀርባለች። «አንዳንድ ሰው በር ሲዘጋ ቀስ ማለት አያውቅም» ይላል፤ እሷ ቀስ ትላለች። አንዴ ተሳስቶ «ልጄ፣ ያንን» ብሎ ጀምሮ፣ ትዝ ሲለው ዓረፍተ ነገሩን ወደ መጋረጃው አዙሮ ጨረሰው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅበት ነበር።

እሁድ እሁድ የድሮ ተማሪዎቹን ቤት ታንኳኳለች። ነገሩን ታስረዳቸዋለች፣ የሠሯቸውን ቤቶች እየዞሩ ጫፉን እንዲቆርጡ ትለምናቸዋለች፣ ለጋሽ ቮልት ትንፍሽ እንዳይሉም ታስምላቸዋለች። አንዳንዶቹ አለቀሱ። አንዱ «እኔ ሰባ ቤት ሠርቻለሁ» ብሎ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ በሁለት ወር ውስጥ የከተማው ኤሌክትሪሻን ሁሉ ሰማ። ያልሰማው አንድ ጋሽ ቮልት ብቻ ነው፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

እሱ ደግሞ የራሱን ሥራ ይዞ ነበር። ልጁን ሊጠይቅ ያልሄደው ስላልፈለገ አይደለም። «ባዶ እጄን አልሄድም» ብሏል ለግድግዳው። ማስረጃ ይዞ ሊሄድ ነው፤ ተርሚናሉ ብልሹ መሆኑን አሳይቶ ልጁን ሊያስፈታ። ከሴት ልጁ መሳቢያ ሁለት ተርሚናል ወሰደ። ማብሰያ ቤቱ ውስጥ ለኤሌክትሪክ ምድጃው የሚሄደውን መስመር ቆርጦ ሁለቱንም አስገባበት። በአንደኛው ሊድ የጠጣ ጫፍ አሰረ፤ እጁ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን እንደ ጥንቱ መርፌ አስመስሎ ሠራው። በሁለተኛው ባዶውን፣ ክሩ የሚታየውን ጫፍ አሰረ። ሁለቱም ከላሉ ጥፋቱ የብሎኑ ነው፤ ሐሳቡ ይሄ ነበር። ምድጃው በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይነድዳል፣ ይቀዘቅዛል። ጠዋት ጠዋት ምድጃው ገና ሳይበራ መስመሩን ዘግቶ ሁለቱን ብሎኖች በካቻቢቴ ይሞክራል፣ የላላውን እንደገና ያጠብቃል፣ ወረቀት ላይ ይጽፋል።

እትዬ ጥብቅ ይህን ስታይ ደነገጠች። ውጤቱን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ፈተና ነው፤ ሽማግሌው ሳያውቀው የእሷኑ ሙከራ ማብሰያ ቤት አምጥቶ ተክሎታል።

በመጀመሪያው ቀን ሊድ የጠጣው ላላ፣ ባዶው አልተነቃነቀም። በሁለተኛው ቀንም እንደዚያው። ጋሽ ቮልት መነጽሩን አውልቆ ጠራረገና መልሶ አደረገ። ቁርስ አልበላም። ቀኑን ሙሉ ከግድግዳውም ጋር አላወራም።

በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ፣ እሱ ሳይነሳ፣ እትዬ ጥብቅ ባዶ እግሯን ማብሰያ ቤት ገባች። መስመሩን ዘጋች። ባዶው ጫፍ የታሰረበትን ብሎን፣ ያንን እንደ አለት የቆመውን የራሷን ብሎን፣ ሩብ ዙር አላላችው። ተመልሳ ተኛች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አባቷ ከማብሰያ ቤት ሲጮህ ሰማች። «ላልቷል! ሁለቱም ላልተዋል! አላልኩም? ብሎኑ ነው!» ያን ቀን ሁለት ሳህን በላ። ለመጀመሪያ ጊዜም ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሎ «ነሐሱ ነው የረከሰው ወይስ የብሎኑ ጥርስ?» ብሎ በቀጥታ ጠየቃት። «ጥርሱ ሳይሆን አይቀርም፣ አባባ» አለች። ስላነጋገራት ደስ አላት። ደግሞ ክፍሏ ገብታ አለቀሰች። ሃያ ሁለት ዓመት የለፋችበትን ሥራ በገዛ እጇ ስሙን እያጠፋች ነው።

ሁለት ሳምንት ተኩል እንዲህ ሆነ። በየጠዋቱ ሩብ ዙር። እሱ ይጽፋል፣ እሷ ታላላለች፤ ቤቱ ሰላም ሆነ። ጨው በስሙ መጠራት ጀመረ።

ጋሽ ቮልት ግን ጋሽ ቮልት ነው። አርባ ዓመት ብሎን ያዞረ እጅ፣ ቢንቀጠቀጥም አይረሳም። ሊድ የጠጣው ብሎን አንድ ቀን ብዙ ይላላል፣ አንድ ቀን ትንሽ፣ አንድ ቀን ጨርሶ አይላላም፤ እንደ ምድጃው መንደድ ነው። ባዶው ግን በየቀኑ እኩል ነው። እሁድ ምድጃው ሳይነድ በዋለበት ማግስትም ያው ሩብ ነው። ሽማግሌው የብሎኑን ራስ በሚስማር ጫረና ምልክት አደረገ። በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን ምልክቱ ልክ ሩብ ዙር ሄዶ ቆሞ ነበር።

በዚያ ሳምንት ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ማብሰያ ቤት ስትገባ፣ ከበሩ ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል።

«ቀጥዪ» አላት። «ሩብ ነው የምትፈልጊው።»

ካቻቢቴውን ምድጃው ላይ አስቀመጠችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት።

«ከሦስተኛው ቀን።»

«ሁለት ቀን ይበቃኝ ነበር እኮ። በሁለተኛው ቀን ገብቶኝ ነበር። ከዚያ ሲላላ…» ብርድ ልብሱን ሰበሰበ። «ከዚያ ሲላላ ደስ አለኝ።»

ዓይኗን ወደ ብሎኑ መለሰች። ምላለችና።

«ወንድምሽ ነው ያስማለሽ» አለ፤ ጥያቄ አልነበረም። ቆይቶ «ሴትዮዋ ልጆች ነበሯት?» አለ።

«ሁለት።»

ተነሳ። በፒንሳ ያንን የሚያብረቀርቅ ጫፍ ቆረጠና ደረት ኪሱ ከተተው። ሲጽፍበት የከረመውን ወረቀት አልነካውም።

በማግስቱ ጉልበቱን እየጎተተ ፍርድ ቤት ሄደ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ጨዋ ነበረች፤ ወንበር ሰጠችው፣ አዳመጠችው። «ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በእሱ ቦታ እኔን እሰሩ» አላት። «አባቴ፣ በማስተማር የሚታሰር ሰው የለም» አለችው። «ይግባኙም ጊዜው አልፏል። መዝገቡ ተዘግቷል።» ቤት ሲመለስ ለልጁ ለራሱ ሊነግረው ወሰነ። «ቢያንስ ማወቄን ይወቅ። ብቻውን አይሸከመው። ይቅርታ ልለምነው» አላት እትዬ ጥብቅን። በአምስት ወር ውስጥ ከተናገረው ሁሉ ቀጥ ያለው ይሄ ነበር።

እሁድ ሄዱ። የእስር ቤቱ መጠየቂያ ረጅም ዳስ ነው፤ ሁለት የሽቦ አጥር በመሀሉ ክንድ የሚሆን ባዶ ቦታ ትቶ ተዘርግቷል። ወዲህም ወዲያም ሰው ይጮኻል። ወንድሟ ራሱን ተላጭቶ፣ ከስቶ፣ እየፈለጋቸው መጣ። አባቱን ሲያይ ቀጥ አለ። ወዲያው ወደ እህቱ አየ፤ ነገርሽው? የሚል አስተያየት ነው። ፊቷ ምን መልስ እንደሰጠው አላወቀችም።

ሽማግሌው እጁን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። አፉን ሊከፍት ሲል ልጁ ቀደመው።

«አባባ፣ ይቅር በለኝ!» ብሎ በጩኸቱ መሀል ጮኸ። «ዋሽቼህ ነበር። ተርሚናሉ አይደለም፤ እቴን አትቀየማት፣ እሷ የለችበትም። እኔ ነኝ። አንተ ያስተማርከኝን ትቼ ነው። ቸኮልኩ፣ ጫፉን እንዳልከኝ ሳልሠራ ሄድኩ። አንተን ብሰማ ኖሮ እዚህ አልገኝም ነበር!»

ተናግሮ ሲጨርስ ፊቱ ላይ አንድ እፎይታ ነበረ። ይህን በልቡ ሲያጠና እንደከረመ ያስታውቃል። ሌላ ለአባቱ የሚሰጠው ነገር የለውም፤ ሁለት ዓመት ተኩሉን ከፍሎ የገዛት አንዲት ነገር ይህች ናት።

ጋሽ ቮልት አየው። የተቆረጠው ጫፍ እዚያው ቀርቶ እጁ ከኪሱ ባዶውን ወጣ። ከዚያ አጥሩን በሁለት እጁ ጨበጠና በዚያ በድሮ ድምፁ፣ ሠላሳ ተማሪ ባንቀጠቀጠበት ድምፅ፣ መቆጣት ጀመረ።

«ስንቴ ነገርኩህ! ስንቴ! ጫፉን ገምድ፣ ሊድ አጠጣ፣ ከዚያ እሰር አላልኩም? ጆሮ የለህም? መቼም አትሰማ! ከልጅነትህ ጀምሮ አትሰማ! ሰውን በጫማው፣ ሽቦን በጫፉ እያልኩ ጉሮሮዬ አልደረቀም? አርባ ዓመት! አርባ ዓመት በዚህ ስሠራ አንድ ቤት ተቃጥሎብኛል?»

«አልተቃጠለም፣ አባባ።»

«ታዲያ!»

«ጥፋተኛ ነኝ፣ አባባ።»

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ተቀበለው። ቀና ሲል ከአባቱ ትከሻ በላይ እህቱን አያትና በዓይኑ አመሰገናት። ቃልሽን ጠበቅሽ ማለቱ ነው። እሷም አንገቷን ነቀነቀች፤ ሌላ ምን ታድርግ። ጥበቃው ሰዓት አልቋል ብሎ ፊሽካ ነፋ።

ከበሩ እንደወጡ ሽማግሌው አሥር እርምጃ ተራመደ። ከዚያ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። እትዬ ጥብቅ አጠገቡ ተቀመጠች። አውቶቡስ መጣ፣ ሄደ። ሁለተኛው መጣ፣ ሄደ። ሰዎች እያለፉ ያዩዋቸዋል። እሱ የገዛ እጆቹን ገልብጦ እያየ ነበር።

«በደንብ ተቆጣሁት?» አላት።

«በደንብ ነው፣ አባባ። አምኖሃል።»